በእናት መስመር የሚወረስ ዲ.ኤን.ኤ.፦ ከጋማ ከብቶች የዘር ሐረግ እስከ ታካሚው የቤተሰብ ታሪክ

መግቢያ

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው የራሱን ነገር ሸሽጎ በታላቅ ዘመዱ የሚኩራራን ሰው ለመንቀፍ ነው። ከሥነ ሕይወት አንጻር ሲታይ ግን የበቅሎዋ መልስ ስሕተት የለበትም። በቅሎ የምትወለደው ከወንድ አህያና ከባዝራ ስለሆነ የእናቷ ወንድም በእርግጥ ፈረስ ነው። ከዚህም በላይ ከእናቷና ከእናቷ ወንድም ጋር የምትጋራው፣ ከአባቷ ከአህያው ግን ያልወረሰችው አንድ የዘረመል ክፍል አላት። ይኸውም በህዋስ ውስጥ በማይቶኮንድሪያ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) አንሥቶ እስከ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶ ድረስ የጋማ ከብት የኑሮ መሠረት ነው። ውኃና ማገዶ፣ የማሽላ ጆንያና የጫት ጭነት ከጨርጨር ደጋ ወደ ገበያ የሚጓጓዘው በአብዛኛው በአህያ ጀርባ ነው። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ታካሚን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ የጋማ ከብት ነው። ስለነዚህ እንስሳት የዘር አመጣጥ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ ታውቋል፤ የዕውቀቱም ዋና በር በእናት መስመር የሚወረሰው ዲ.ኤን.ኤ. ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ዓላማዎች አሉት። አንደኛው የፈረስና የአህያ ዝርያዎች የዘር ሐረግ በእናት መስመር እንዴት እንደሚፈለግና ምን እንደተገኘ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ይኸው የውርስ ሕግ በዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራችን፣ በተለይም የአሚኖግላይኮሳይድ መድኃኒቶችን ስናዝ፣ ምን እንድንጠይቅ እንደሚያስገድደን ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ባሕርይ

እንደሚታወቀው ማይቶኮንድሪያ ህዋስ የሚገለገልበትን ጉልበት የሚያመነጭ አካል ነው። ከህዋሱ ኒውክልየስ ውጭ የሚገኝ ሲሆን የራሱ የሆነ አነስተኛ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። የሰው የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ክብ ቅርጽ ያለው ሆኖ 16,569 የቤዝ ጥንዶች አሉት፤ በውስጡም 37 ጂኖች ይገኛሉ። ከእነዚህ 13ቱ ፕሮቲኖችን፣ 22ቱ ትራንስፈር አር.ኤን.ኤ.ዎችን፣ 2ቱ ደግሞ የራይቦሶም አር.ኤን.ኤ.ዎችን ያስገኛሉ። የፈረሱ ርዝመት 16,660 ገደማ በመሆኑ ከሰው ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው።

ይህ ዲ.ኤን.ኤ. ለዘር ሐረግ ፍለጋ የተመረጠው በአራት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ በአንድ ህዋስ ውስጥ ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርሱ ቅጂዎች ስላሉት ከጥቂት ፀጉር ወይም ካረጀ አጥንት እንኳ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከኒውክልየስ ዲ.ኤን.ኤ. ይልቅ በፍጥነት ይለዋወጣል። ሦስተኛ፣ የእናትና የአባት ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚቀላቀለው አይቀላቀልም። አራተኛና ዋናው፣ ከእናት ብቻ ይወረሳል። በወንዴ ዘር ውስጥ ያሉት ጥቂት ማይቶኮንድሪያዎች ወደ እንቁላል ቢገቡም ተለይተው ይወገዳሉ። በሰው ላይ ከዚህ ሕግ የወጣ ሁኔታ የተመዘገበው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

በአጥቢ እንስሳት ይህ ሕግ የተረጋገጠው በጋማ ከብቶች አማካይነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1974 ሃቺሰንና የሥራ ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የፈረስን፣ የአህያን፣ የበቅሎንና ከድንጉላ ፈረስና ከሴት አህያ የሚወለደውን ዲቃላ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. በኢንዛይም ቆራርጠው አነጻጸሩ። የበቅሎዋ ከፈረስ፣ የሌላው ዲቃላ ደግሞ ከአህያ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ዲቃላዎች ከሁለቱ ዝርያዎች እኩል የተገኙ ሲሆኑ ልዩነታቸው እናታቸው ማን ናት በሚለው ብቻ ነበር። የሁለቱ ዝርያዎች ዲ.ኤን.ኤ. በቀላሉ የሚለይ በመሆኑ ማስረጃው የማያሻማ ሆነ።

በቅሎ 63 ክሮሞዞሞች አሏት፤ ይኸውም የፈረስ 64 እና የአህያ 62 ክሮሞዞሞች ግማሽ በግማሽ ተዳምረው የሚገኝ ነው። የኒውክልየስ ዲ.ኤን.ኤ.ዋ ከሁለቱም ወላጆች ነው። የማይቶኮንድሪያዋ ዲ.ኤን.ኤ. ብቻውን ቢመረመር ግን ፈረስ ናት ከማለት በቀር ስለ አባቷ ምንም አይናገርም። የእናት መስመር ምስክርነት እውነተኛም ጠባብም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። ቀጥሎ የሚቀርበው ሁሉ ይህንኑ የሚያብራራ ነው።

የዘር ሐረጉ እንዴት ይፈለጋል?

ተመራማሪዎች ከእንስሳው ደም ወይም ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር ይወስዳሉ። ከዚያም ብዙውን ጊዜ ጂን የሌለበትንና በፍጥነት የሚለዋወጠውን፣ ዲ-ሉፕ የሚባለውን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ክፍል አባዝተው የፊደላቱን ቅደም ተከተል ያነባሉ። አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያላቸው እንስሳት አንድ ሃፕሎታይፕ አላቸው ይባላል። ተቀራራቢ ሃፕሎታይፖች በአንድ ላይ ሲመደቡ ሃፕሎግሩፕ የሚባለውን የእናት ጎሣ ይመሠርታሉ። በሁለት ሃፕሎታይፖች መካከል ያለው የፊደል ልዩነት በበዛ ቁጥር የጋራ እናታቸው የኖረችበት ዘመን እየራቀ ይሄዳል።

ዘዴው ለሞቱና ለጠፉ እንስሳትም ያገለግላል። ከጠፋ እንስሳ ዲ.ኤን.ኤ. ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1984 ሲሆን እንስሳውም ኳጋ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ ነበር። የመጨረሻዋ ኳጋ በ1883 በአምስተርዳም ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሙዚየም ከተቀመጠ ቆዳ ላይ ከተገኘ ደረቅ ሥጋ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች ተገኙ። የጥንታዊ ዲ.ኤን.ኤ. ጥናት የተጀመረው በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ፈረስ የተገኘው

በ2002 የታተመ ጥናት የ652 ፈረሶችን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. መርምሮ የዛሬዎቹ ለማዳ ፈረሶች ቢያንስ ከ77 የዱር ባዝራዎች የተገኙ መሆናቸውን ገመተ። በ2012 ደግሞ የ83 ፈረሶች የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነብቦ 18 የእናት ጎሣዎች ተለዩ። የሁሉም የጋራ እናት ከ130,000 እስከ 160,000 ዓመታት በፊት፣ ማለትም ፈረስ ከመልመዱ ብዙ ዘመን አስቀድማ እንደኖረች ተሰላ። አብዛኞቹ ጎሣዎች በብዙ ዝርያዎች ውስጥ ተበታትነው ስለሚገኙ አንድን ፈረስ በእናት ጎሣው ብቻ «የዚህ ዝርያ ነው» ማለት አይቻልም።

የአባት መስመር ሲታይ ታሪኩ ይለወጣል። በ2004 ከ15 ዝርያዎች የተወሰዱ የ52 ወንድ ፈረሶች የዋይ ክሮሞዞም ክፍል ሲመረመር አንድም ልዩነት አልተገኘም። ይህ የሚያሳየው አርቢዎች ብዙ ባዝራዎችን ሲያቆዩ ለርቢ የመረጧቸው ድንጉላዎች ግን ጥቂት እንደነበሩ ነው። የእናት መስመሮች መብዛት ፈረስ በብዙ ቦታዎች ለየብቻው እንደለመደ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሲተረጎም ቆይቷል። በ2021 የወጣው የ273 ጥንታዊ ፈረሶች ሙሉ የዘረመል ጥናት ግን የዛሬዎቹ ለማዳ ፈረሶች መነሻ በቮልጋና በዶን ወንዞች አካባቢ የሚገኘው ሜዳ መሆኑን፣ ከዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 ዓመት ገደማ ጀምሮ በፍጥነት መሠራጨታቸውን አረጋገጠ።

ለእኛ አካባቢ አንባቢ በተለይ የሚጥመው የዓረብ ፈረስ ጉዳይ ነው። በሐረርጌ የሚኖረው የኦሮሞም ሆነ የሶማሌ ማኅበረሰብ የሰውን ትውልድ የሚቆጥረው በአባት ነው፤ ልጆች የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ስም ወደ ላይ እየደረደሩ ያጠናሉ። የዓረብ በዳዊዎች በበኩላቸው የፈረሶቻቸውን ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ 62 የዓረብ ፈረሶችን መርምሮ ይህን ቆጠራ ፈተነ። ፈረሶቹ በመዝገብ መሠረት በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበዳዊዎች ወደተገዙ 34 ባዝራዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በተደጋጋሚ ናሙና በተወሰደባቸው 14 መስመሮች መዝገቡና ዲ.ኤን.ኤ.ው ተስማምተው ተገኙ። ሆኖም በአንድ የዘር ስም የሚጠሩ ፈረሶች ሁሉ የግድ ከአንዲት እናት የመጡ እንዳልሆኑም ታወቀ። የቅርቡ የጽሑፍ መዝገብ ሲጸና የጥንቱ የዘር ስም ግን ለጥያቄ ተጋለጠ።

ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሏት ይገመታል። የአገራችን ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በአካል ቅርጻቸውና በሚኖሩበት አካባቢ በስምንት መድበዋቸዋል፤ እነርሱም የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የቁንዱዶ፣ የኦጋዴን (ዊልዋል) እና የሰላሌ ናቸው። ከእነዚህ ለምዕራብ ሐረርጌ ቅርብ የሆኑት በምሥራቅ ሐረርጌ በጉርሱም አካባቢ ባለው የቁንዱዶ ተራራ አናት ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት ፈረሶች ሲሆኑ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ላለው አነስተኛ መንጋ የእናት መስመር ምርመራ ስንት ባዝራዎች መንጋውን እንደመሠረቱ ሊነግረን ይችላል። ምን ያህል እርስ በርስ ተዋልደዋል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የሚገኘው ከኒውክልየስ ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

የአህያ መነሻ፦ ከእኛው ቀጣና

ፈረስ ወደ አፍሪካ ከውጭ የገባ እንስሳ ነው። አህያ ግን የአፍሪካ፣ እንዲያውም የእኛው ቀጣና ተወላጅ ነው። ይህ የታወቀበት መንገድ የእናት መስመርን ኃይልና ድክመት ጎን ለጎን ያሳያል።

በ2004 ቤጃ-ፔሬይራና የሥራ ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ከ52 አገሮች የተሰበሰበ የአህያ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. መረመሩ። ለማዳ አህዮች ሁሉ በሁለት የእናት መስመሮች እንደሚመደቡ፣ ሁለቱም ከእስያ የዱር አህዮች ይልቅ ለአፍሪካዎቹ እንደሚቀርቡ ተገኘ። መስመሮቹ ሁለት ስለሆኑ አህያ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሁለት ጊዜ ለምዷል፤ አንደኛው ከኑብያ፣ ሁለተኛው ከሶማሌ የዱር አህያ ወገን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በ2011 ግን የጥንት አህዮችና የዱር አህዮች ዲ.ኤን.ኤ. ሲነጻጸር አንደኛው መስመር ከኑብያው የዱር አህያ ጋር ሲዛመድ ሁለተኛው ከሶማሌው እንዳልመጣ ታወቀ። የሁለተኛው መስመር የዱር እናት ሳትታወቅ ቀረች።

በ2022 በዚያው መጽሔት የወጣው ጥናት ሙሉውን ዘረመል መረመረ። የ207 ዘመናዊና የ31 ጥንታዊ አህዮች ዘረመል ሲነጻጸር አህያ የለመደው አንድ ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5000 ዓመት ገደማ እንደሆነ ተደመደመ። ሁለቱ የእናት መስመሮች ሐሰት አልነበሩም፤ ስሕተቱ «ሁለት እናት» የሚለው «ሁለት መነሻ» ተብሎ መተርጎሙ ነበር። በአንድ የዱር መንጋ ውስጥ እንኳ ብዙ የእናት መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የአህያ ቁጥር ካላቸው አገሮች በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ተመራማሪዎች የአገራችንን አህዮች የሐበሻ፣ የአፋር፣ የሐረርጌ፣ የኦጋዴን፣ የኦሞና የሲናር ብለው የለዩ ሲሆን ሁለቱም የእናት መስመሮች በኢትዮጵያ አህዮች ውስጥ ይገኛሉ። በጭሮ ገበያ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተመሳሳይ አህዮች በእናት መስመር እጅግ ሊራራቁ፣ መልካቸው የማይመሳሰል ሁለት አህዮች ደግሞ የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለም፣ ቁመትና በትከሻ ላይ ያለው ጥቁር መስመር የሚወሰኑት በኒውክልየስ ጂኖች ስለሆነ ስለ እናት ጎሣ ማስረጃ አይሆኑም።

ከምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ባሻገር በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች የአፍሪካ የዱር አህያ ዛሬም ይኖራል። ቁጥሩ ተመናምኖ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት እንስሳት ተመድቧል፤ የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክም የታሰበው በዋናነት እርሱን ለመጠበቅ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት በበኩሉ በየካቲት 2024 አህያን ለቆዳው ማረድንና በቆዳው መነገድን በአህጉር ደረጃ ለማገድ ወስኗል። ከምድር የጠፋ የእናት መስመር ተመልሶ ስለማይገኝ ይህ ጥበቃ የቅርስ ጥበቃም ጭምር ነው።

የእናት መስመር የማይናገረው

ከላይ ከቀረበው አንድ ቁም ነገር ይወጣል። እያንዳንዳችን ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉን። እንዲህ እየተባዛ ወደ ኋላ ሲቆጠር በአሥረኛው ትውልድ 1,024 የዘር ቦታዎች ይገኛሉ። የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የሚናገረው ከእነዚህ ስለ አንዲቱ፣ ማለትም ስለ እናት እናት እናት እየተባለ ስለምትገኘው ሴት ብቻ ነው። የተቀሩትን 1,023 አያውቃቸውም። ስለዚህ በዚህ ምርመራ ብቻ የአንድን ፈረስ «ንጽሕና» ወይም የአንድን ሰው የብሔረሰብ ማንነት መወሰን አይቻልም። በንግድ የሚቀርቡ የዘር ምርመራዎችን ውጤት ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህንኑ ማስረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ዲ.ኤን.ኤ.ው ጠባብ ቢሆንም በዚያችው ጠባብ መስመር ላይ የሚናገረው የጸና ነው። በሕክምና የሚጠቅመንም ይህ ጽናቱ ነው።

ከእንስሳት ወደ ታካሚው

የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ለውጥ በሰው ላይ በሽታ እንደሚያስከትል የታወቀው በ1988 ነው። በዚያ ዓመት በወጣትነት ሕመም የሌለው የማየት ችሎታ መጥፋት የሚያስከትለው የሌበር የዓይን ነርቭ በሽታ ከማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ለውጥ የሚመጣ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1992 ደግሞ የስኳር በሽታና የመስማት ችግር በአንድነት በእናት በኩል የሚወረሱበት ሁኔታ ታወቀ። እንዲህ ላለው ታካሚ ሜትፎርሚን የላክቲክ አሲድ መከማቸትን ሊያባብስ ስለሚችል በአብዛኛው አይመረጥም።

ለእኛ የዕለት ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው በ1993 የተገኘው ነው። በማይቶኮንድሪያ 12ኤስ የራይቦሶም አር.ኤን.ኤ. ጂን ላይ፣ በ1555ኛው ቦታ አዴኒን በጓኒን ሲተካ ሰውየው ለአሚኖግላይኮሳይድ መድኃኒቶች እጅግ ተጋላጭ ይሆናል። አሠራሩ ግልጽ ነው። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን ባክቴሪያን የሚያጠቁት ራይቦሶሙ ላይ በመጣበቅ ነው። ለውጡ የሰውን የማይቶኮንድሪያ ራይቦሶም የባክቴሪያውን እንዲመስል ስለሚያደርገው መድኃኒቱ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን የመስሚያ ህዋሳት እንደ ጠላት ያጠቃቸዋል። በማንኛውም ታካሚ ላይ መጠኑ ሲበዛ፣ ሕክምናው ሲራዘም ወይም ኩላሊት ሲደክም የመስማት ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ይህ ለውጥ ያለበት ሰው ግን በትክክለኛ መጠን፣ አንዳንዴም በጥቂት መርፌ ብቻ፣ ተመልሶ የማይድን መስማት አለመቻል ሊደርስበት ይችላል። በአውሮፓውያን መካከል በተደረጉ ጥናቶች ለውጡ ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ ተገኝቷል።

የእነዚህ መድኃኒቶች አጠቃቀም በአንዳንድ በኩል ቀንሷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ስትሬፕቶማይሲን ያለበት የቲቢ ድጋሚ ሕክምና እንዲቀር፣ በ2019 ደግሞ ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ እንዳይሰጡ መክሯል። ጄንታማይሲን ግን ዛሬም የጨቅላ ሕፃናትን ከባድ ኢንፌክሽን ለማከም የመጀመሪያው ምርጫ አካል ነው። በአገራችንም ከ2013 ጀምሮ በማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት ክብካቤ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከአሞክሲሲሊን ጋር እንዲሰጡት ተደርጓል። ይህ መድኃኒት የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ስለሚያተርፍ በፍርሃት ሊከለከል አይገባም። የብሪታኒያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥር 2021 ባወጣው ማሳሰቢያም አስቸኳይ ሕክምና ለዘረመል ምርመራ ተብሎ እንዳይዘገይ አሳስቧል።

የዘረመል ምርመራው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ጥያቄ ግን መሣሪያም ወጪም አይጠይቅም።

የእናትን ወገን መጠየቅ

በሐረርጌ የቤተሰብ ታሪክ ስንጠይቅ መልሱ በአብዛኛው በአባት ወገን ያዘነብላል፤ ትውልድ የሚቆጠረው በአባት ነውና። ለዚህ ዓይነቱ በሽታ የሚያስፈልገው ደግሞ የእናት ወገን ነው። በተለይ «አጎት» እና «አክስት» የሚሉት የአማርኛ ቃላት ለሁለቱም ወገን ስለሚያገለግሉ መረጃውን ያደበዝዛሉ። የአካባቢው ቋንቋዎች ግን ይለያሉ። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው። በሶማልኛ የእናት ወንድም አብቲ፣ የአባት ወንድም አዴር ይባላል፤ የእናት እኅት ሀበርየር፣ የአባት እኅት ኤዶ ትባላለች። አስተርጓሚው ሁለቱንም «አጎት» ብሎ ከመለሰ ዋናው ቁም ነገር በትርጉም መካከል ይጠፋል። ስለዚህ ታካሚው የተጠቀመበትን ቃል ራሱን መጠየቅና እንደተባለ መመዝገብ ይጠቅማል።

አባት ከአንድ በላይ ሚስት ባገባበት ቤተሰብ የወንድማማችነት ዓይነትም መለየት አለበት። ከአንዲት እናት የተወለዱ ልጆች አባታቸው ቢለያይም የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ.አቸው አንድ ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ግን በዚህ ረገድ እንደ ባዕድ ይቆጠራሉ።

አሚኖግላይኮሳይድ ከመታዘዙ በፊት ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል፦

1. ከታካሚው እናት፣ ከእናቱ እናት፣ ከእናቱ ወንድሞችና እኅቶች መካከል በልጅነት ወይም በወጣትነት መስማት ያቃተው አለ?

2. በእናት ከሚገናኙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወይም ከእናት እኅት ልጆች መካከልስ?

3. ከእነዚህ ሰዎች መካከል «መርፌ ተወግቶ ጆሮው ደነቆረ» የሚባል አለ? በተለይ ቀድሞ የቲቢ መርፌ የወሰዱ ዘመዶችን ማስታወስ ያስፈልጋል።

4. ታካሚው ራሱ ከዚህ በፊት ከመርፌ ሕክምና በኋላ የጆሮ ጩኸት፣ የመስማት መቀነስ ወይም ሚዛን መሳት ደርሶበት ያውቃል?

ከመልሶቹ አንዱ «አዎን» ከሆነ ሌላ ተስማሚ መድኃኒት መኖሩን ማየት፣ ከሆስፒታል ሐኪም ጋር መመካከርና መልሱን በታካሚው ካርድ ላይ በጉልህ መጻፍ ይገባል። ሌላ አማራጭ በሌለበትና ሕይወት በአደጋ ላይ ባለበት ጊዜ ግን መድኃኒቱ በትክክለኛ መጠን ይሰጣል፤ ለቤተሰቡም አደጋው ተገልጾ የሕፃኑ የመስማት ሁኔታ ይከታተላል። ጥርጣሬ የተገኘባት እናት ሌሎች ልጆቿም፣ የእኅቶቿም ልጆች ይኸው ጥንቃቄ እንደሚያስፈልጋቸው ሊነገራት ይገባል። ወንድ ልጆቿ ራሳቸው ተጋላጭ ቢሆኑም ለልጆቻቸው አያወርሱትም። እናቲቱ ጥፋተኛ እንደሆነች እንዳይሰማት፣ ከባሏ ቤተሰብም ወቀሳ እንዳይመጣባት በጥንቃቄ ማስረዳት የምክሩ አካል ነው።

ማጠቃለያ

የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከእናት ብቻ መወረሱን በአጥቢ እንስሳት ያስመሰከረችው በቅሎ ናት። በዚሁ መንገድ የዓለም ፈረሶች ብዙ ባዝራዎችና ጥቂት ድንጉላዎች እንደነበሯቸው፣ አህያም የአፍሪካ ልጅ እንደሆነ ታውቋል። አንዲትን መስመር እንደ ሙሉ ታሪክ መውሰድ የሚያሳስት መሆኑን ደግሞ የአህያ ጥናት አሳይቷል። የጤና ባለሙያም ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል፤ በእናት መስመር የተገኘ ማስረጃን ከልኩ በላይ አለመለጠጥ፣ ማስረጃው በሚጸናበት ቦታ ደግሞ ሳይጠይቁ አለማለፍ። በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ ጄንታማይሲን ሊሰጠው የተዘጋጀ ሕፃን የታቀፈችን እናት «በአንቺ ወገን ጆሮው የማይሰማ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የአንድ ልጅ የመስማት ዕድሜ ግን በዚያች ጥያቄ ሊተርፍ ይችላል።